የካራቫን ብርድ፦ ስለ እሳት፣ ስለ ሰንበትና ስለ አያቴ መኝታ

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ብርድ ነው። ምክንያቱ አንድ ስልክ ነው። በ2021 ከጎንደር የገባ የአጎቴ ልጅ አለ። ሌሊት ሌሊት የግንባታ ቦታ ይጠብቃል፤ የሚያርፈውም እዚያው በቆመች አንዲት ካራቫን ውስጥ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ትሬለር የምትሏት ማለቴ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ደወለልኝና «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቡና ያፈላንበት ፍም አልጠፋም። ከነማንደጃው ወደ መኝታዬ ባስገባውና በሩን ጥርቅም አድርጌ ብተኛ እስኪነጋ አያሞቀኝም?» አለኝ።

ከተኛሁበት ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩ። «እንዳታደርገው! ፍሙን አሁኑኑ ወደ ውጭ አውጣና መስኮቱን ክፈት» አልኩት። ልጁ ደነገጠ። «አገር ቤት ስንት ዘመን በእሳት ዳር ተኝተን የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ጥያቄ የእሱ ብቻ አልነበረምና ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት በየካራቫኑ የገቡ እናቶቻችንና አያቶቻችን ሁሉ ያንኑ ጠይቀዋል። በእኛ ቤት ደግሞ ጥያቄው ከብርድ አልፎ እስከ ሰንበት ደርሶ ነበር። ልጆቻችን ይህን ታሪክ አያውቁትም፤ ስለዚህ እስቲ ከመነሻው ልናገር። ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

እንዴት ካራቫን ገባን?

በዘመቻ ሰሎሞን ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በእኛ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 መሆኑ ነው፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ወገናችን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ገባ። ከረጢት የያዘ አልነበረም። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አያቴ ይዛ የመጣችው የለበሰችውን ጋቢ ብቻ ነው።

አገሪቱ በዚያን ጊዜ ቤት አልነበራትም። በ1990 እና በ1991 ብቻ ከሶቪየት ኅብረት ከ300,000 በላይ ሰው ገብቶ ነበር። ስለዚህ የዚያን ጊዜው የቤቶች ሚኒስትር አሪኤል ሻሮን ካራቫን በሺህ በሺህ አስመጣ፣ አሠራም። በየሜዳውና በየኮረብታው ሰፈር ሆነው ተተከሉ። ኢየሩሳሌም ጊቫት ሃማቶስ፣ አኮ አጠገብ ሐጽሮት ያሳፍ፣ ቤር ሼቫ ዳር ናሐል ቤካ፣ መካከለኛው አገር ሑልዳ... እነዚህን ስሞች የኛ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ጊቫት ሃማቶስ ማለት «የአውሮፕላን ኮረብታ» ማለት ነው፤ በ1967 ጦርነት የእስራኤል አውሮፕላን ወድቆበት ነው ስሙ የወጣለት። በአውሮፕላን ለመጣ ሕዝብ መቼም ጥሩ ስም ነው!

የመጀመሪያውን ክረምት ግን እኛና ብዙዎች ያሳለፍነው በሆቴል ነው። ያ ክረምት ቀላል አልነበረም። እኛ በገባን በሦስተኛው ሳምንት፣ ጁን 15 ቀን 1991፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ሰማይ የተፋው ጋዝና ብናኝ የፀሐይን ብርሃን ጋርዶ የዓለምን ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ቀነሰው። እዚህ አገር የ1991/92 ክረምት የዝናብ ሪከርድ የሰበረ ሆነ፤ ኪኔሬት ሞልቶ የደጋንያ ግድብ ተከፈተ፤ ኢየሩሳሌም ላይ በረዶ ደጋግሞ ወረደ። ኤይላት እንኳ የባሕሩ ላይኛ ውሃ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ከሥር ያለው ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ፣ አልጌ በዝቶ፣ ኮራሉን አፍኖ ገደለው። ሳይንቲስቶች በኋላ ይህንን ከፒናቱቦ ጋር አያይዘው ጽፈውታል።

እናቴ ከሆቴሉ መስኮት በረዶውን አይታ «የሰሜን ተራራ እስከዚህ ድረስ ተከተለን?» አለች ይባላል፤ እስከ ዛሬ በቤታችን ይነገራል። ነገር ግን ሆቴሉ ማሞቂያ ነበረው። ስለዚህ ብርዱን በዓይናችን አየነው እንጂ በገላችን አላወቅነውም። ያወቅነው በ1992 በጋ ኢየሩሳሌም ኮረብታዎች ላይ ወዳለ የካራቫን ሰፈር ከተዛወርን በኋላ፣ የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ነው። የሰፈሩን ስም አልጠቅስም፤ በዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

ካራቫን የመጀመሪያው አልነበረም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚህ አገር በብርድ ያደርነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ የመጀመሪያዎቹም አይደለንም። በፌብሩዋሪ 1950 በቴል አቪቭ እንኳ በረዶ ወርዶ ነበር። ያን ጊዜ ብዙ ሺህ ስደተኛ በድንኳን ነበር የሚኖረው፤ ድንኳኖቹም በበረዶው ክብደት ወደቁ። በሜይ 1950 ማዕባራ የሚባሉት ጊዜያዊ ሰፈሮች ተጀመሩ። መኖሪያቸው ድንኳን፣ በእንጨት ላይ ሸራ የተወጠረበት ባዶን፣ ወይም የቆርቆሮ ቤት ፓሖን ነበር። በ1951 መጨረሻ ከ200,000 በላይ ሰው እዚያ ይኖር ነበር፤ ከኢራቅ፣ ከየመን፣ ከሮማንያ፣ ከሌላም አገር የመጣ። ክረምቱ ሲከፋ ሠራዊቱ ገብቶ ረዳ፤ ሕፃናትን ወደ ደረቅ ቦታ አዛወሩ።

እነዚያ ሰዎች የሚሞቁትም የሚያበስሉትም በፕሪሙስና በፕቲሊያ፣ ማለት በነጭ ጋዝ በሚነድ የክር ምድጃ ነበር። በሙያ ትምህርት ቤት ያስተማረኝ ሽማግሌ መምህር የኢራቅ ሰው ነበር፤ ልጅነቱን በማዕባራ ነው ያሳለፈው። እኔ ካራቫን ውስጥ እንዳደግሁ ስነግረው ሳቀና «አንተማ ወለል ነበረህ!» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ያ ወለል ራሱ ምን እንደነበረ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

የጎንደር ቤት እንዴት ይሞቅ ነበር?

አገር ቤት ብርድ የለም የሚል ሰው ጎንደርን አያውቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ ምንድን ነው? አገር ቤት ዝናቡ በክረምት፣ ውርጩ በበጋ ነው፤ ለየብቻ ይመጣሉ። እዚህ ግን ከስግድ በኋላ ዝናቡም ብርዱም አንድ ላይ ይመጣሉ። እርጥብ ብርድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እናቴ «ይህ ክረምት ነው ወይስ በጋ?» እያለች ወሩን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀባት።

አያቴ ስለ ቤቷ ስትነግረን እንዲህ ነበር የምትለው። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ተመርጎ፣ ወፍራም ሆኖ የተሠራ። ጣራው ሣር ነው። መሐል ላይ ምድጃ አለ። መኝታው ከግድግዳው ጋር የተሠራ መደብ ሲሆን በላዩ አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፋል። ከላይ ጋቢ፣ ያለው ሰው ደግሞ በርኖስ ይደርባል። በአንድ በኩል ጋጣ አለ፤ ላምና ጥጃ እዚያ ያድራሉ። ትንፋሻቸው ራሱ ማሞቂያ ነው።

እኔ የተማርኩት የማቀዝቀዣና የመዝጋን ሥራ ስለሆነ ይህን ቤት በባለሙያ ዓይን አየዋለሁ። ጭቃ ሙቀት ያስቀምጣል። ቀን በፀሐይ፣ ማታ በእሳት የሞቀ ወፍራም ግድግዳ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሙቀቱን ይመልሳል። ምድጃውና ጉልቻውም እንደዚሁ ናቸው። ጣራው ደግሞ ይተነፍሳል፤ ጭሱ በሣሩ መሐል ቀስ ብሎ ይወጣል። ዓይን ያቃጥላል፣ ጣራ ያጠቁራል፤ ግን ቤቱ አየር አያጣም። የአጎቴ ልጅ «በእሳት ዳር ተኝተን የለም እንዴ?» ያለው ልክ ነው፤ ተኝተናል። ቤቱ ግን ሌላ ቤት ነበር።

የቆርቆሮ ሣጥን

ካራቫን ምንድን ነው? ሁለት ስስ ልባጥ፣ በመሐላቸው ጥቂት ሴንቲሜትር ቀላል መሙያ። ጣራውም ያው። ወለሉ መሬት አይነካም፤ በብሎኬት ላይ ተነሥቶ የቆመ ስለሆነ ነፋስ ከሥሩ ያልፋል። መምህሬ የቀናበት ወለል ይህ ነው! ሌሊት በባዶ እግር ስትረግጠው በረዶ ይመስላል።

ይህ ቤት ሙቀት የሚያስቀምጥበት ምንም ነገር የለውም። ማሞቂያው ሲበራ ቶሎ ይሞቃል፤ ሲጠፋ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ በግድግዳ፣ በመስኮት፣ በወለል ይሸሻል፤ መስኮትና በሩ ሲዘጋ ግን አየሩ አይወጣም። መጥፎነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ሙቀት አይይዝም፣ መርዝ ግን ይይዛል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ጭስ የሌለው የቀላ ፍም በጣም የጠራ ይመስላል፤ እሱ ነው ሰውን በእንቅልፉ የሚወስደው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፣ ከዚያ ድካም፣ ከዚያ የተኛ ሰው አይነሣም።

ሁለተኛው ጠላት እርጥበት ነው። የተኛ ሰው ከትንፋሹና ከላቡ ሌሊቱን ቢያንስ የአንድ ብርጭቆ ውሃ ያህል ወደ አየር ይለቃል። በእኛ ካራቫን ሰባት ነፍስ ነበርን። ያ እንፋሎት ከቀዝቃዛ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ውሃ ይሆናል። ጠዋት ግድግዳው አልቦት ይገኛል፤ ፍራሹ ከግድግዳው በኩል ይረጥባል፤ በወሩ ጥቁር ሻጋታ ያወጣል። ጎረቤቶቻችን በነጭ ጋዝ ምድጃ ይሞቁ ነበር፤ እነሱ ዘንድ ደግሞ የባሰ ነበር። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር ገደማ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣዋል። ያኔ ይህን ማን ነገራቸው? እናቶች ግድግዳ በጨርቅ ሲወለውሉ ይውሉ ነበር፤ አንድ የቢሮ ሰው መጥቶ አይቶ «በደንብ ስለማታጸዱ ነው» ብሎ ሄደ። እናቴ ይህችን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳቻትም።

መኝታ ቤቱን እንዴት አሞቅነው?

ማንም ሳያስተምራቸው ወላጆቻችን የሠሩትን ዛሬ ሳስበው እገረማለሁ።

አባቴ መጀመሪያ ከካራቫኑ ሥር የሚያልፈውን ነፋስ ያዘው። ከግንባታ ቦታ የተጣለ ጣውላ ለቅሞ ዙሪያውን ከለለ፤ በነፋሱ በኩል አፈር ደገፈበት፤ ከነፋሱ ጀርባ ግን እርጥበቱ እንዲወጣ ትንሽ ቀዳዳ ተወ። በአንድ ሌሊት ልዩነቱ ታወቀ። ወለሉ ላይ የፍሪጅ ካርቶን ዘርግቶ በላዩ ምንጣፍ አነጠፈ። መስኮቱ ላይ በውስጥ በኩል ላስቲክ ወጠረ፤ በመስታወቱና በላስቲኩ መሐል የቀረው አየር ብርዱን ይከላከላል።

እናቴ ደግሞ ሰፊውን ክፍል ማሞቅ እንደማይቻል ቶሎ ገባት። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቤት ሠራች። ከመኝታ ክፍሉ ጣራ ላይ ገመድ ወጥራ ብርድ ልብስ ሰቀለችና አልጋዎቹን ሁሉ በመጋረጃው ውስጥ ሰበሰበች። አልጋዎቹን ከውጭው ግድግዳ አንድ ስንዝር አራቀቻቸው፤ ፍራሹ መርጠቡ ቀረ። ልጆች ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ አደርን። ጠዋት ጠዋት ምንም ቢበርድ ሁለቱን መስኮቶች ከፍታ ለጥቂት ደቂቃ አየሩን ትለውጠው ነበር። ጎረቤት «አበደች፣ ሙቀቱን ታባርራለች» ይላት ነበር። ትክክለኛዋ እሷ ነበረች፤ እርጥብ አየር ለማሞቅም ያስቸግራል፣ ግድግዳውንም ያበላሻል።

አያቴ ብርድ ልብስ ከላይ መደራረብ ብቻ እንደማይበቃ ታውቅ ነበር። «ብርድ ከታች ነው የሚመጣው» ትል ነበር። አባቴን አስጨንቃ ኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ገበያ ልካ ሁለት አጎዛ አስገዛችው። ስፖንጁ ፍራሽ ላይ አጎዛው ሲነጠፍ አልጋዋ መደብ መሰለ።

ከሰሉንስ? መጀመሪያ እናቴም አስገብታው ነበር። አንድ ማታ ታላቅ እህቴ ራሴን አመመኝ ብላ አስመለሳት። አንዲት ጎረቤታችን፣ ሩስያዊት ሐኪም የነበረች፣ ሮጣ ገብታ ማንደጃውን ወደ ውጭ ወረወረችው፤ በሩንም በረገደችው። ቋንቋ አልነበረንም። በእጇ ጉሮሮዋን ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ የሞተ ሰው መስላ አሳየችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናውም በዝናብ ቀን ሳይቀር ከደጅ፣ ከዳሱ ሥር ሆነ።

ይህ ነገር ወታደር ቤትም ተከተለኝ። ኮረብታ ላይ ባለ አንድ ኬላ በካራቫን ውስጥ ስንተኛ ጓደኞቼ ጋዚያውን፣ ያቺን ትንሿን የጋዝ ምድጃ፣ አብርተው ሊተኙ አሉ። አጠፋሁባቸውና መስኮት ከፈትኩ። ተሰደብኩ። የሩስያዊቷን አኳኋን ሳሳያቸው ግን ዝም አሉ።

ዓርብ ማታ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አባቴ በመጨረሻ ዘይት ያለበት የኤሌክትሪክ ራዲያቶር ገዛ። እሳት የለው፣ ጋዝ የለው። ካራቫኑ የሚችለው ኤሌክትሪክ ጥቂት ስለነበር ማሞቂያው በርቶ ውሃ ማፍያውን ከሰካን ፊውዝ ይወድቃል፤ ቢሆንም ልጆች ሞቀን ተኛን። ችግሩ ዓርብ መጣ።

በአገራችን ሥርዓት ዓርብ ጀንበር ሳትጠልቅ እሳት ይጠፋል። ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 35 ላይ ያለውን የእሳት ትእዛዝ አባቶቻችን የተረዱት፣ በሰንበት ማንደድ ብቻ ሳይሆን በቤት ውስጥ እሳት እየነደደ መገኘትም የለበትም ብለው ነው። ስለዚህ የሰንበት ምግብ ቀዝቃዛ ነው፤ ሌሊቱም ያለ እሳት ነው። ቀራያውያንም ቀድሞ በዚሁ መንገድ ነበሩ። የረቢዎቹ ትምህርት ደግሞ ከሰንበት በፊት የበራ እሳት እንደበራ ሊቆይ ይችላል ይላል፤ ሻማውም፣ ፕላታውም፣ የሰንበት ሰዓቱም የመጣው ከዚያ ነው። እኛ እዚህ ስንመጣ ሁለቱ ትምህርቶች አንድ ካራቫን ውስጥ ተገናኙ።

አባቴ በዑልፓን የተነገረውን ተቀብሎ ራዲያቶሩን ከሰንበት በፊት አብርቶ ተወው። ሌሊት አያቴ ተነሣች። አብራ መኖር አልቻለችም፤ በሰንበት መንካትም አልቻለችም። ጋቢዋን ተከናንባ ከካራቫኑ ደረጃ ላይ፣ በዝናብ፣ ቁጭ ብላ አደረች። አባቴ ሲነጋ አገኛት። አልተቆጣችም፣ አልተናገረችም። በሚቀጥለው ዓርብ ማሞቂያው ጠፋ። ያን ሌሊት ደግሞ የሦስት ወር ሕፃን የነበረችው ታናሽ እህቴ ከንፈሯ ሰማያዊ እስኪሆን በረዳት፤ እናቴ ጡቷ ሥር ይዛት እያለቀሰች አነጋች። ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። በእናቴና በአያቴ መሐል ሰላምታ እንኳ ቀነሰ።

አባቴ እሑድ ቄሱን ይዞ መጣ። ቄሱ ገብተው ቁጭ አሉ፤ ዙሪያውን አዩ፤ ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩት። ከዚያ አያቴን «እናቴ፣ አገር ቤት ዓርብ እሳቱን ስናጠፋ ግድግዳው ይበርድ ነበር?» ብለው ጠየቋት። «የለም፣ እስኪነጋ ይሞቃል» አለች። «ከብቶቹስ?» «እነሱም አሉ።» «እንግዲያውስ አባቶቻችን ሕፃን በብርድ ይሙት ብለው አይደለም እሳቱን ያጠፉት። ይህቺ ልጅ ሰንበትን እንድትጠብቅ መጀመሪያ ማደግ አለባት» አሏት። ሌላ ብዙ አልተናገሩም። ቡና ከደጅ ጠጥተው ሄዱ።

እኔ ይህን ንግግር በልጅነቴ አልተረዳሁትም። ሙያ ከተማርኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሥርዓታችን ለብቻው አልነበረም፤ ቤት ነበረው። ያለ እሳት የምታድር ሰንበት፣ ሙቀት የሚያስቀምጥ ግድግዳ፣ የሚተነፍሱ ከብቶች፣ በአንድ መደብ የሚተኛ ቤተሰብ ነበራት። ሥርዓቱን በአውሮፕላን ይዘነው መጣን፤ ቤቱን ግን እዚያው ተውነው። ከዚያ ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡንና ሥርዓታችሁ ልክ አይደለም አሉን። የአያቴ እምነት አልጎደለም፤ የጎደለው ግድግዳው ነበር።

አያቴ የቄሱን ቃል ተቀበለች፤ በራሷ መንገድ። ማሞቂያው በልጆቹ ክፍል ይብራ አለች። እሷ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዓርብ ዓርብ አጎዛዋን ጠቅልላ ማሞቂያ ወደሌለው ወደ ፊተኛው ክፍል ትሄዳለች። ከዚያ ከወጣን እስከ 1996 ድረስ በየክረምቱ ሰንበትን እንደ እናቷና እንደ አያቷ ያለ እሳት አደረች። እናቴ መጀመሪያ ተናዳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን የራሷን ብርድ ልብስ ወስዳ ስትደርብላት አየኋት። ታርቀው ነበር ማለት ነው።

እኔና ታላቅ እህቴ ደግሞ ሁሉም ሲተኛ ቀስ ብለን ተነሥተን አጎዛዋ ውስጥ እንገባ ነበር። አንዳችን በቀኝ፣ አንዳችን በግራ። የተኛ ሰው ገላ ከ70 እስከ 80 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ሦስት ሰው ማለት አንድ ትንሽ ማሞቂያ ነው። ያኔ ይህን አላውቅም። የማውቀው ሞቆኝ መተኛቴን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ

በ1993 መንግሥት ለእኛ ሰዎች የተለየ የቤት መግዣ ብድር አወጣ፤ ቀስ በቀስ ሰው ወደ ቋሚ ቤት ወጣ፤ አብዛኞቹ የካራቫን ሰፈሮች በ1990ዎቹ መጨረሻ ተዘጉ። ጊዜያዊ የተባለው በብዙ ቤት ሦስትና አራት፣ በአንዳንዱ ከዚያም በላይ ክረምት ፈጅቷል። ከእኛ በኋላም በ2005 ከጉሽ ቃጢፍ የተነሡ ሰዎች ኒጻን ላይ ካራቪላ በሚባል ቤት ለዓመታት ኖረዋል።

እኛ አፓርታማ የገባን ቀን አያቴ መጀመሪያ ያደረገችው ግድግዳውን በመዳፏ መንካት ነው፤ ልክ እንደ ቄሱ። «ደረቅ ነው» አለችና እልል አለች። ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ነፍሷን ይማር። አንደኛው አጎዛ እኔ ዘንድ አለ።

ለአጎቴ ልጅና እንደ እሱ በካራቫን ለምታድሩ ሁሉ ባጭሩ ልድገመው፦

1ኛ. ከሰል፣ ጋዚያ፣ ነዳጅ የሚያቃጥል ነገር ወደምትተኙበት ክፍል አታስገቡ። «ጭሱ አልቋል» የሚባል ፍም ዋነኛው ገዳይ ነው። ራስ ቢያማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ።

2ኛ. መጀመሪያ ከሥር የሚገባውን ነፋስ ዝጉ፤ ከዚያ ወለሉን፣ ከዚያ መስኮቱን። ማሞቂያ ከዚህ በኋላ ነው።

3ኛ. አልጋ ከውጭ ግድግዳ አርቁ። ከላይ ከመደረባችሁ በፊት ከታች አንጥፉ። ክፍሉን በመጋረጃ አጥብቡት።

4ኛ. በቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ አየር ለውጡ፤ ልብስ ውስጥ አታድርቁ።

5ኛ. መዝጋን ካለ በእሱ ሙቁ። መዝጋን ሙቀት ከውጭ ወደ ውስጥ ያመላልሳል እንጂ ራሱ አያነድም፤ ስለዚህ በአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ወደ ሦስት እጅ ሙቀት ይሰጣል። ራዲያቶር ከሆነ ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት በቀጥታ ይሰካ፤ በስስ ማራዘሚያ አይሁን፤ ልብስም አይሰቀልበት።

የአጎቴ ልጅ በማግስቱ ደውሎ «ጋሼ፣ ሥሩን በጣውላ ከለልኩት» አለኝ። ዓርብ ደግሞ መጥቶ አጎዛውን ወሰደው። አንደኛውን ማለቴ ነው፤ ሌላው የት እንደገባ እህቴ ታውቃለች፤ እሷ ግን አልናገርም ትላለች።

በዚያ ዘመን በካራቫን የኖራችሁ ሁሉ፣ እናንተ ቤት ዓርብ ማታ እንዴት ነበር? ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ሻባት ሻሎም፤ ቸር ይግጠመን።